አንድ መንገድ ስንት ጊዜ ይከፈልበታል?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ከተማችን የሕዝብ ማመላለሻ ያለኝን ጥቂት አሳብ ለአንባቢዎች አካፍል ዘንድ በዚህ ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። መክሰስ ካስፈለገም ከተከሳሾቹ አንዱ እኔው ራሴ ነኝ።

የምኖረው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በወይራ ሰፈር ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ በዚህ ዓመት መጨረሻ ስድሳ ዓመት ስለሚሞላኝ በጡረታ እሰናበታለሁ። እንደ ብዙዎቹ የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች፣ እኔም ጧት ወደ መሥሪያ ቤቴ የምሄደው፣ ማታም ወደ ቤቴ የምመለሰው ለመንግሥት ሠራተኞች በተመደበው አውቶቡስ ነው። ይህ አገልግሎት በ2006 ዓ.ም. ሲቋቋም ለእኛ ለደመወዝተኞች ታላቅ እፎይታ ነበር። መታወቂያችንን አሳይተን እንሳፈራለን፤ ገንዘብ አንከፍልም። ደመወዛችን ከኑሮው ውድነት ጋራ ባይመጣጠንም፣ ቢያንስ የመንገዱ ወጪ ከላያችን ወርዶልናል። ስለዚህም ማመስገን ተገቢ ነው፤ እኔም አመሰግናለሁ።

ነገር ግን «ያልነካው ግልግል ያውቃል» ይባል የለምን? የመሳፈሪያ ዋጋ ከመክፈል ከዳንሁበት ቀን ወዲህ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ታሪፍ ሲወራ ጆሮዬ መስማት ተወ። ሰው ሲያማርር «እውነት ነው፣ ከባድ ነው» እላለሁ፤ ወዲያው ግን ወሬውን ወደ ሌላ እመልሰዋለሁ። ይህን ልማዴን የሰበረችው አንዲት ጎረቤቴ ናት።

ይህች ጎረቤታችን ባልዋ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆችዋን የምታሳድገው፣ በቦሌ በኩል በሚገኝ አንድ ሕንፃ ውስጥ ወለልና መስኮት እያጸዳች ነው። የተቀጠረችው በግል አሠሪ ዘንድ ስለ ሆነ እንደ እኛ መታወቂያ አሳይታ የምትሳፈርበት አውቶቡስ የላትም። ከቤትዋ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ከወይራ እስከ ጦር ኃይሎች በአንድ ታክሲ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ ሜክሲኮ በባቡር ወይም በሌላ ታክሲ፣ ከሜክሲኮ እስከ ቦሌ ደግሞ በሦስተኛ ትሄዳለች። ማታም እንደዚሁ። ይህም ቀኑ የቀናላት ዕለት ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ማታ፣ ዝናሙ ሲያወርደው አውቶቡሳችን ጦር ኃይሎችን አልፎ ወደ ቤቴል ሲወርድ፣ በመስኮት በኩል ተቀምጬ ነበርና ይህችን ሴት በመንገዱ ዳር በእግርዋ ስትሄድ አየኋት። ራስዋን በላስቲክ ሸፍናለች፤ ጫማዋን አውልቃ በእጅዋ ይዛለች። እጅዋንም ወደ እኛ አነሣች። እኔ ግን ያላየሁ መስዬ ፊቴን አዞርሁ። አውቶቡሱን አስቁሜ ላሳፍራት ሥልጣን እንደሌለኝ አውቃለሁ፤ ፊቴን ያዞርሁት ግን ሥልጣን ስለሌለኝ አልነበረም። አፍሬ ነው።

በእሑዱ ቡና ተፈልቶ እቤታችን መጣች። አንዱን ሲኒ እንደ ጨረሰች፣ ቅሬታ በሌለበት ድምፅ፣ «ጋሼ፣ የዚያን ዕለት በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው አይቼዎት ነበር። እጄን ባነሣም ሳያዩኝ አለፉ» አለችኝ። «አይቼሻለሁ» ብዬ መመለስ አቃተኝ። ባለቤቴ ነገሩን ሳታውቅ፣ «ምነው እኅቴ፣ በዚያ ዝናም በታክሲ አትመጪም ነበር?» ብትላት፣ «ወሩ ሃያ ካለፈ በኋላ ታክሲዬ እግሬ ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያም ሂሳብዋን ነገረችን። የወር ደመወዝዋን አራት እጅ ብናደርገው አንዱን እጅ መንገድ ይወስደዋል። ከቀረው የቤት ኪራይ ሲነሣ፣ ለልጆቹ ጉሮሮ የሚተርፈውን አንባቢ ራሱ ሊገምተው ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ላጣራ ብዬ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉዳዬን ጨርሼ በ12 ሰዓት ገደማ ከጦር ኃይሎች ወደ ሰፈሬ ለመመለስ ተሰለፍሁ። ሰልፉ ረጅም ነበር። የታክሲው ረዳት «ቤቴል! ቤቴል ብቻ!» ይላል። «ወይራ አትደርሱምን?» ብለው «ቤቴል ብቻ ነው ጋሼ» አለኝ። ከፍለን ሄድን፤ ቤቴል ስንደርስ ሁላችንንም አወረደን። ወርደን ገና ከመኪናው ሳንርቅ፣ ያው ረዳት በዚያው መኪና በር ላይ ቆሞ «ወይራ! ወይራ!» እያለ ይጣራ ጀመር። ከወረድነው ውስጥ አብዛኞቻችን ተመልሰን ገባን፤ ሁለተኛም ከፈልን። ከነጂው በስተኋላ የተለጠፈው ወረቀት የሚናገረው ስለ ሙሉው መንገድ ነበረ። እኛ ግን አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ገዛነው። ይህን ነገር ሕዝቡ «ማቆራረጥ» ይለዋል፤ በከተማይቱ ውስጥ የማያውቀው ተሳፋሪ የለም።

እኔም ረዳቱን በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ጠየቅሁት። ወጣት ነው፤ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፤ «ጋሼ፣ ታሪፉ የተሠራው በኪሎ ሜትር ነው። እኛ ግን በዚህ ሰዓት የምንሄደው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ መኪና በመኪና ላይ ተደርቦ ስንቆም ነው የምንውለው። ባለንብረቱ ማታ ገቢውን ይቈጥራል እንጂ መንገዱ ተዘግቶ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም። ነዳጅ ለመቅዳትም ሰልፍ አለ። ካላቆራረጥን እኛም አንበላም።»

ይህን የሰማሁት በጥሞና ነው። ሥራው ትክክል ነው አልልም፤ ከድኻ ላይ ሁለት ጊዜ መቀበል ግፍ ነው። ነገር ግን የነገሩን ሥር አሳየኝ። ዋጋው በርቀት ሲወሰን፣ ጧትና ማታ መንገዱ በተዘጋበት ሰዓት ረጅሙን መስመር የሚሠራ ሰው ይከስራል፤ አጭር አጭሩን የሚመላለስ ያተርፋል። ስለዚህ መንገዱ የሚቆራረጠው ሕዝቡ እጅግ በሚቸገርበት ሰዓት ነው። በረዳቱ ላይ ቅጣት ብቻ ቢጨመርበት፣ ተቆጣጣሪው እስኪያልፍ ድረስ ጠብቆ ይህንኑ ይሠራል። በሽታውን ሳይመረምሩ ትኩሳቱን ብቻ ማብረድ እንደ ማለት ነው።

አሁን እስቲ ሰፈራችንን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ከ400 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት ዐሥር ክፍላተ ከተማ ውስጥ በሕዝብ ብዛት የመጀመሪያው ነበረ። ከዚያ ወዲህ ከአጠና ተራ እስከ ካራ ቆሬ፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ ምን ያህል ቤት እንደ ተሠራ በዓይናችን አይተናል። ሰውዬው የሚያድረው በምዕራብ ነው፤ እንጀራው ያለው ግን በአብዛኛው በመካከልና በምሥራቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. የከተማ ቀላል ባቡር ሥራውን ሲጀምር፣ ከአያት የተነሣው መስመር መጨረሻ ጦር ኃይሎች ሆነ። ባቡሩ ከደጃፋችን ደርሶ ቆመ ማለት ነው። ዋጋው በተከፈተ ጊዜ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበረና ለድኻው ትልቅ ነገር ነበረ። ነገር ግን ከወይራ ወይም ከዓለም ባንክ ለሚነሣ ሰው፣ ባቡሩ ጋ ለመድረስ የሚከፈለው ሌላ ዋጋ አለ። ትኬቱም ከታክሲው ጋራ አይተዋወቅም። በየመሻገሪያው ኪስን እንደ ገና መክፈት ያስፈልጋል።

ለሕዝብ ማመላለሻ መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ሐሰት ይሆናል። የከተማይቱ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ገደማ ጣሊያን ጥሎአቸው በሄደ ጥቂት መኪናዎች ከተጀመረ ወዲህ፣ መንግሥታት ቢለዋወጡም አገልግሎቱ አልተቋረጠም። የነዳጅ ነገርንም እንውሰድ። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጠቅላላው ድጎማ እየተነሣ የቤንዚን ዋጋ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ብቻ በቴሌብር በኩል የሚከፈል የተለየ ድጎማ ተደርጎ ነበረ። በ2017 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር አልፎአል። የድጎማው አሳብ መልካም ነው፤ የታሰበውም ለተሳፋሪው ነው። ዳሩ ግን ገንዘቡ ይሰጥ የነበረው ለተቀዳው ሊትር እንጂ ለደረሰው ሰው አልነበረም። መኪናው ነዳጁን በቅናሽ ቀድቶ መንገዱን ለሁለት ቢቈርጠው፣ የድጎማው ጥቅም ወደ ተሳፋሪው ሳይደርስ በመካከል ይቀር ነበረ።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንዳቃለሉት ማየት ይጠቅማል። በኮርያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. የአውቶቡሱና የምድር ውስጥ ባቡሩ ዋጋ አንድ ላይ ተያዘ። ተሳፋሪው ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው ሲገባ እንደ ገና መነሻውን አይከፍልም፤ የሚከፍለው በጠቅላላው በሄደበት ርቀት ነው። በሎንዶንም በ2016 (እንደነሱ አቈጣጠር) በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንዱ አውቶቡስ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ሁለተኛ እንዳይከፍል ተደረገ። ሉክሰምቡርግ የምትባለው ትንሽ አገር ደግሞ በ2020 በአገርዋ ውስጥ ያለውን የሕዝብ ማመላለሻ ለሁሉ ነጻ አድርጋዋለች። እኛ ከሉክሰምቡርግ ሀብት ጋራ አንወዳደርም። የሴኡልና የሎንዶን ሥራ ግን ከሀብት ይልቅ የአሠራር ነገር ነው፤ ሰው መንገድ የሚገዛው ሊደርስ ነው እንጂ መኪና ሊለዋውጥ አይደለም ብሎ መነሣት ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ አውቶቡሱም ባቡሩም የመንግሥት ስለ ሆኑ፣ በአንድ ትኬት ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር እንዲቻል ቢደረግ። ሙከራውም ከጦር ኃይሎች ቢጀመር፤ ባቡሩ የሚያበቃውና የኮልፌ መንገድ የሚጀመረው እዚያ ነውና።

ሁለተኛ፣ ለታክሲዎች ድጎማ በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ፣ የተመደቡበትን መስመር እስከ መጨረሻው ለሚያደርሱት እንዲሆን። ጧትና ማታ መንገድ በሚጨናነቅበት ሰዓት ረጅሙን መስመር ለሚሠራ ነጂ ጥቂት ብልጫ ቢታሰብለት፣ ለማቆራረጥ የሚያስገድደው ምክንያት ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ታሪፉ በመኪናው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በየፌርማታው በትልቅ ጽሕፈት ይለጠፍ። ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት የሚከፍለውን ቢያውቅ ለመጠየቅ ይደፍራል፤ ከገባ በኋላ ግን ከኋላው የሚገፋው ሰልፍ አለና ዝም ይላል።

አራተኛውና የመጨረሻው አሳቤ ለእኛው ለመንግሥት ሠራተኞች ነው። ስለ ታሪፍ ጥናት የምናቀርበው፣ ደብዳቤውን የምንጽፈው፣ መዝገቡን የምናንቀሳቅሰው እኛ ነን። ጧት በነጻ አውቶቡስ ተቀምጠን መጥተን ስለ ሰልፍ ስንጽፍ፣ በስማ በለው እየጻፍን ነው። በወር አንድ ቀን መታወቂያችንን በኪሳችን አስቀምጠን፣ ከሰፈራችን እስከ መሥሪያ ቤታችን ከሕዝቡ ጋራ ተሰልፈን ብንሄድ ምን ይጎዳናል? በዚያን ቀን የምናረፍደው ደቂቃ በሌላው ቀን ከምንጽፈው ገጽ የበለጠ ያስተምረናል።

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ አሁን መናገሬ፣ አንባቢ «መታወቂያውን ሊመልስ ሲል ነው የተናገረው» ሊለኝ ይችላል። አልክድም፤ ከዚህ ዓመት በኋላ እኔም በጦር ኃይሎች ሰልፍ ላይ እገኛለሁ። ነገር ግን የጎረቤቴ ልጆች ትልቁ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ነው፤ እናቱ ሌሊት 11 ሰዓት የምትወጣበትን ምክንያት ያውቃል። እርሱ ሥራ በሚይዝበት ጊዜ ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍልበት ብናደርግ፣ ለእኔ ካገለገልሁባቸው ዓመታት የማይተናነስ ደስታ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴን ጧት በደጃፍ አገኘኋትና፣ «የዚያን ዕለት አይቼሽ ነበር፤ ፊቴን ያዞርሁት አፍሬ ነው፤ ይቅር በዪኝ» አልኋት። «አውቄያለሁኮ ጋሼ» አለችኝና ታክሲው እንዳያመልጣት እየሮጠች ሄደች።

ከአክብሮት ጋራ፣

አንድ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ የመንግሥት ሠራተኛ