የስኳር መድኃኒት ለደከመ ልብ

ለአንዱ በሽታ የተሠራ መድኃኒት ለሌላው ሲጠቅም መገኘቱ በሕክምና ታሪክ እንግዳ ነገር አይደለም። ጉዳቱን ሊመረምሩ የተነሡ ሰዎች ጥቅሙን ይዘው መመለሳቸው ግን ከስንት አንድ ጊዜ የሚታይ ነው። ለስኳር በሽታ የተሠሩት ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉት ክኒኖች ታሪክ እንዲህ ያለ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፖም ዛፍ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1835 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከፖም ዛፍ ሥር ልጥ ፍሎሪዚን የተባለ መራራ ቅመም አወጡ። በ1886 ደግሞ ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም፣ ይህ ቅመም ስኳር ከሽንት ጋራ እንዲፈስ የሚያደርግ መሆኑን አስታወቀ። ምክንያቱ የታወቀው ኋላ ነው። ኩላሊት በየቀኑ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ታጣራለች፤ አብሮ የወጣውን ስኳር ግን እንደ ቈጣቢ ባልትና መልሳ ትሰበስባለች። አዲሶቹ ክኒኖች የፍሎሪዚንን መንገድ ተከትለው የተሠሩ ናቸው፤ ይህንን መሰብሰብ ስለሚያግዱ ትርፉ ስኳር በሽንት ይወጣል።

በ2007 ሮሲግሊታዞን የተባለው ሌላ የስኳር መድኃኒት ልብን ሳይጐዳ አይቀርም የሚል ጥርጣሬ ተነሥቶ ነበርና፣ በ2008 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት አዲስ የስኳር መድኃኒት ሁሉ ልብን የማይጐዳ መሆኑ በሙከራ እንዲረጋገጥ አዘዘ። ደንቡ ወጪ ያበዛል ተብሎ ተወቀሰ። ነገር ግን በ2015፣ ከ7,000 በሚበልጡ የስኳርና የልብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገው የኢምፓግሊፍሎዚን ሙከራ ውጤት ሲገለጥ፣ ክኒኑ ልብን አለመጕዳቱ ብቻ ሳይሆን፣ በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል መግባትን በ35 በመቶ የቀነሰ መሆኑ ታወቀ።

የልብ ድካም ማለት ልብ ቀጥ ማለቱ አይደለም። ደምን እንደሚገባ መግፋት ተስኖት ውሃ በሳንባና በእግር ሲጠራቀም፣ ሰውየውም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። ታዲያ የስኳር በሽታ የሌለበት የልብ ሕመምተኛ ይህን ክኒን ቢወስድስ? መልሱ የመጣው በ2019 ነው። በ20 አገሮች 4,744 ሕመምተኞች ከተለመደው ሕክምናቸው በተጨማሪ ግማሾቹ ዳፓግሊፍሎዚን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ወሰዱ፤ ከሁሉም ከግማሽ የሚበልጡት የስኳር በሽታ አልነበረባቸውም። አምሳያውን ከወሰዱት ከመቶው 21 ያህሉ የልብ ድካማቸው ሲብስ ወይም በልብና በደም ሥር ሕመም ሲሞቱ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን ይህ የደረሰባቸው 16 ያህሉ ናቸው። ስኳር ያለበትም የሌለበትም በእኩል ተጠቀመ። ከስኳሩ ጋራ ጨውና ውሃ ስለሚወጣ የልብ ሸክም ይቀላል፤ ሙሉው ምክንያት ግን ዛሬም ሊቃውንትን ያከራክራል።

ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ የእናቱን የስኳር ክኒን ለታመመ ጐረቤት የሚያካፍል እንዳይኖር። የስኳር ክኒን ሁሉ አንድ አይደለም፤ እነሮሲግሊታዞን ውሃ በሰውነት እንዲጠራቀም ስለሚያደርጉ የልብን ድካም ያብሳሉ። አዲሶቹንም የሚወስድ ሰው፣ በተለይ የስኳር በሽተኛው፣ ረጅም ጾም ሲይዝ፣ ሲያስመልሰው ወይም ቀዶ ጥገና ሲታዘዝለት፣ ደሙ በአሲድ እንዳይመረዝ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር ይገባዋል።

ለእኛ አገር ደግሞ አንድ የተለየ ጥያቄ ይቀራል። በአገራችን የብዙ ወጣቶች ልብ የሚደክመው በልጅነታቸው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በተነሣ የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ ትኩሳቱ ቫልቭ የተባሉትን የልብ በሮች ያበላሻል። በ2019 ውጤቱ በተገለጠው ሙከራ ግን ያልተጠገነ የቫልቭ ሕመም ያለባቸው አልተካተቱም። ስለዚህ ከዚያ የተገኘውን ቍጥር እንዳለ ወስዶ ለእነዚህ ወጣቶች መስጠት አይቻልም። የሕፃኑን ጉሮሮ በጊዜው በፔኒሲሊን ማከም ዛሬም ከማናቸውም የልብ ክኒን ይቀድማል።

«ይህ ነገር ማንን ይጐዳል? ማንንስ ይጠቅማል? ተቈጥሯል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ሹም ሥራ ያጓትታል ተብሎ ይወቀስ ይሆናል። የ2008ቱ ደንብም ተወቅሷል፤ ነገር ግን ያ ጥያቄ ባይጠየቅ ኖሮ፣ ዛሬ ደረጃ ወጥተው ቤታቸው የሚገቡ ብዙ ሕመምተኞች ከደረጃው ሥር በቀሩ ነበር።