ከፊሽካው በፊት ያለው ሥራ
እግር ኳስ በሺምሾን ሰፈር

[ድምፅ፦ ፊሽካ፤ የልጆች ጫጫታ፤ አጥር የመታ ኳስ]

ተራኪ፦ ለመጫወት ኳስና ባዶ ቦታ ይበቃል። ልጆችን ከዓመት ዓመት ይዞ የሚዘልቅ የሰፈር ቡድን ማቋቋም ግን ሜዳ ላይ የማይታይ ብዙ ልፋት ይጠይቃል።

በመጽሐፍ ቅዱሱ ሶምሶን ስም የሚጠራው ሺምሾን፣ ከጋዛ ሰርጥ በስተሰሜን በባሕር ዳርቻ ያለችው የአሽቀሎን ከተማ አንዱ ሰፈር ነው። በአውሮፓውያኑ ግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ እስራኤል ገቡ። ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ በፊትና በኋላ ከመጡት መካከል ብዙ ቤተሰቦች አሽቀሎን ላይ ኑሯቸውን መሥርተዋል።

ልጆቻቸው አርአያ አላጡም። ኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ዴጎ ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ተሰልፏል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ናታንያ ላይ የተወለደው ኤሊ ዳሳ ደግሞ የዚያው ቡድን አምበል ሆኗል። የከተማዋ ክለብ ሃፖኤል አሽቀሎንም በ2010/11፣ በ2016/17 እና በ2017/18 በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል።

እዚያ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የሰፈር ፕሮግራም የሚመዘነው በቀሩት ልጆች ነው፤ ስንቱ በዓመቱ ተመልሶ መጣ፣ ስንቱስ በመሐል ቀረ?

[ድምፅ፦ የበር መከፈት፤ የወረቀት ኮሽታ]

ተራኪ፦ ብዙ ልጅ የሚቀረው ገና በምዝገባ ነው። የ1988ቱ የእስራኤል የስፖርት ሕግ ተወዳዳሪው የጤና ምርመራ እንዲያደርግና ኢንሹራንስ እንዲገባ፣ አሠልጣኙም የምስክር ወረቀት እንዲኖረው ያስገድዳል። ሕጉ ልጆቹን ይጠብቃል። ቅጹ ግን በዕብራይስጥ ነው። እናት ማትናስ በሚባለው የማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ የአሥር ዓመት ልጇ ጎንበስ ብሎ እያነበበ ይተረጉምላታል። የክፍያው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ካለ፣ ክፍያውም በየወሩ ከተከፋፈለ፣ ልጁ በዚያው ሳምንት ሜዳ ላይ ይሆናል።

ሜዳ ለመሥራት የሎተሪው ድርጅት ሚፍዓል ሃፓይስና የስፖርት ውርርድ ምክር ቤቱ ቶቶ ለማዘጋጃ ቤቶች ገንዘብ ይሰጣሉ። ሜዳው ከተሠራ በኋላ ያለው ወጪ፣ ማለትም የአሠልጣኝ ደሞዝ፣ መብራትና ትራንስፖርት፣ በየወሩ የሚመጣ ነው። የብዙ ጥሩ ሐሳቦች እግር የሚያጥረውም እዚህ ላይ ነው።

መንገዱን የጠረጉ አሉ። በ1997 የሃፖኤል ቴል አቪቭ ባለቤቶች ያቋቋሙት ሚፍዓሎት እግር ኳስን ለማኅበራዊ ሥራ አውሏል። ሻዓር ሺቭዮን የተባለው ድርጅትም ልምምድን ከትምህርት እገዛ ጋር አያይዞታል። ኳሱ ልጁን ይጠራዋል፤ እዚያው የቤት ሥራውን የሚያግዘው ሰው ያገኛል።

[ድምፅ፦ የአደጋ ሳይረን፤ የሩጫ ኮቴ]

ተራኪ፦ አሽቀሎን ውስጥ ሳይረን ሲጮኽ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ስለዚህ አሠልጣኝ ኮኖቹን ከመደርደሩ በፊት ከሜዳው እስከ መጠለያው ያለውን ርቀት በልጅ እርምጃ መለካት አለበት። ትንንሾቹ ለመጠለያው በሚቀርበው ግማሽ ሜዳ ይመደባሉ። ትልልቆቹ ራቅ ይላሉ። በጥቅምት 2023 የጋዛው ጦርነት ሲጀመር ከተማዋ ከባድ የሮኬት ጥቃት ደረሰባት። የሲቪል መከላከያው ዕዝ መሰባሰብን በሚገድብባቸው ቀናት የልጆች ልምምድ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ቡድኑን መልሶ ማሰባሰብ የአሠልጣኙ ስልክ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱን ወላጅ ደውሎ ማግኘት።

ውድድር ሲዘጋጅ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ለምሳሌ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ በሚያካሂደው ውድድር ቤተሰብ ለኳሱም ለመገናኘቱም ይመጣል። ምግቡና ሙዚቃው የፕሮግራሙ አካል ናቸው።

[ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ከትረካው ሥር ይገባል]

ተራኪ፦ ሺምሾን ላይ እንዲህ ያለ ቀን ለማዘጋጀት ኮሚቴው መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ይዘርጋ። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ጨዋታ ቅዳሜ ከዋለ ሰንበት አክባሪ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አይልኩም። ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን የሚውለው ስግድ ሲደርስ ብዙዎች ለጸሎት ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። የተሻለው የዓርብ ጠዋት ነው። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ዳኛና የመጀመሪያ ሕክምና ባለሙያ ይያዝ፣ ውሃ ይቅረብ፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ጥላ ይዘጋጅ፣ ለሴት ልጆች ቡድንም ሙሉ የጨዋታ ሰዓት ይመደብ። ከዚያ የሚቀረው ዕጣ አውጥቶ ድልድሉን በማትናሱ በር ላይ መለጠፍ ነው።