የስጎ ግብይት በአዳማ ጉሊት

ቅዳሜ ጠዋት አዳማ ውስጥ ዘንቢል ይዞ የሚወጣ ሰው ከቤት የሚሰጠው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ «ቲማቲም ሁለት ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት አንድ ኪሎ፣ ቆስጣ አንድ እስር፣ ካሮትና ቃሪያ፤ ስትመለስ ከሱቅ ፓስታና ፉርኖ ዱቄት እንዳትረሳ።» ታዛዡም ሆነ አዛዡ የባዕድ ነገር እንዳነሡ አይሰማቸውም። ሆኖም ቆስጣ፣ ፓስታ፣ ፉርኖ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። እሑድ ምሳ ላይ የሚቀርበው ስጎም እንዲሁ።

ቃላቱን አንድ በአንድ ፈታ ብናደርጋቸው ገበያው ራሱ ይገባናል። «ኮስታ» በጣሊያንኛ የጎን አጥንት ነው፤ ቅጠሉን ያን ስም ያሰጠው መሐሉን ሰንጥቆ የሚሄደው ነጩ ወፍራም ግንድ ነው። «ፎርኖ» የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ምድጃውን ትቶ ወደ ዳቦውና ወደ ነጩ ዱቄት ተሻገረ። «ፓስታ» ሊጥ ማለት ነው። «ሱጎ» ማባያው ነው፤ «ሳልሳ»ም ከዚያው ቤት ነው። ጠዋት ከሻይ ጋር የሚበላው ቦምቦሊኖ፣ ዳቦ ላይ የሚቀባው ማርማላታ፣ ከምሳ በኋላ የሚጠጣው ማኪያቶ፣ ሁሉም በዚያው በር የገቡ ናቸው። ማኪያቶ «ጠብ ያለበት» እንደማለት ነው፤ ቡናው ላይ ጠብ የምትለው ወተቷ ናት።

በሩ የተከፈተው በሰላም አልነበረም። የፋሺስት ጦር አገራችንን የወረረው በ1928 ዓ.ም. ሲሆን እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቷል፤ በመካከሉ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የፈጸመውን ጭፍጨፋ የማያስታውስ ኢትዮጵያዊ የለም። የአዲስ አበባን ትልቅ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ የወሰደውም ያው አስተዳደር ነው፤ ነጭና ጥቁር በአንድ ገበያ እንዳይገናኙ። ዛሬ በፍቅር የምንጠራው «መርካቶ» በትውልዱ የመለያየት ገበያ ነበር። ከድሉ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተሸናፊው ላይ በቀል እንዳይፈጸም ስላዘዙ ብዙ ጣሊያናውያን በየከተማው ቀሩ፤ መካኒክ፣ ዳቦ ጋጋሪ፣ ሆቴል ከፋች ሆኑ። ጋራዥ ውስጥ ያለው ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እና ፍሪሲዮን የዚያ ዘመን ርዝራዥ ነው፤ ማጀት ውስጥ ያለው ስጎም አብሮ የቀረ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ቃሉን ከመጣበት መንገድ ለይቼ ማየት እንዳለብኝ ይሰማኛል። መንገዱ ክፉ ነበር፤ ድስቱን የራሳቸው ያደረጉት ግን እናቶቻችን ናቸው።

አዳማ ዙሪያ ደግሞ ከቃል የበለጠ የሚጨበጥ ነገር አለ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። በካሣው ገንዘብ ከተሠሩት ሥራዎች ትልቁ በአዋሽ ላይ የተገደበው የቆቃ ግድብ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፣ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ኃይል ያመነጫል። ወንዙ ሲገደብ ሐይቅ ተፈጠረ፤ ሐይቁ ዓሣ ሰጠ። ዛሬ አዳማ ውስጥ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ተጠብሶ ሲቀርብልዎ የቆቃ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነም ምናልባት ከባቱ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ነው። ዓሣ ሲገዙ ዓይኑ ያልፈዘዘ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ይሁን። ሙቀቱን ያውቁታልና ከጠዋቱ ውጭ ባይገዙ ይሻላል።

ወደ ጉሊቱ እንመለስ። አዳማ ለአትክልት ገበያ የታደለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በሦስት አቅጣጫ መንገድ መገናኛ ላይ ተቀምጣለች፦ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ፣ አንዱ ወደ አሰላና ባሌ። ሞጆ ላይ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ ወደ መቂና ባቱ ይወርዳል፤ በመስኖ የሚለማው የቲማቲምና የሽንኩርት አገር እዚያ ነው። አይሱዙው በሌሊት ተጉዞ ሣጥኑን ያራግፋል፤ አከፋፋዩ ያከፋፍለዋል፤ ከዚያ የጉሊቷ ሴት ሁለት ሣጥን ወስዳ ሸራዋን ትዘረጋና ትደረድራለች። ትርፏ ቀጭን ነው። ከሣጥኑ ሥር የተጨፈለቀውን ቆጥራ ስታወጣ ኪሳራው የእሷ ነው። ይህን ማወቅ ለገዢ ይጠቅማል፤ ዋጋ ሲከራከር የት ድረስ መግፋት ተገቢ እንደሆነ ያሳየዋልና።

ለስጎ የሚሆነው ቲማቲም የትኛው ነው? ሞላላው፣ እንቁላል የሚመስለው። ሥጋው ወፍራም፣ ፍሬውና ውኃው ጥቂት ስለሆነ በአጭር ጊዜ ይወፍራል። ክቡና ውኃማው ለሰላጣ ይሻላል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቲማቲም ዝርያዎች አንዱ «መልካሳልሳ» ይባላል፤ ስሙ ለምን እንደሚሆን በግልጽ ይናገራል። ሽንኩርትም የራሱ ታሪክ አለው፤ ከዚያው ማዕከል የወጣው «አዳማ ሬድ» የከተማዋን ስም ይዞ ብዙ ማሳ ደርሷል። ሽንኩርት ሲመርጡ አንገቱን ይዩት። ደርቆ የተጠቀለለ አንገት ይሰነብታል፤ እርጥብ አንገት ያለው በሳምንቱ ይበሰብሳል።

ቲማቲሙ ሙሉ በሙሉ የቀላ ይሁን፤ ቆዳው ያልተሰነጠቀ፣ ሲይዙት ከበድ የሚል። ነገር ግን አይጭመቁት። ጨምቆ የሚመልስ ገዢን ማንም ሻጭ አይወድም፤ የጨመቁት ቲማቲም ከሰዓት በኋላ ይበላሻልና። ዛሬውኑ የሚያበስሉ ከሆነ ምሽት ላይ ይሂዱ። ሊያድር የማይችለው ልስልስ ቲማቲም በመደብ ተደርጎ በርካሽ ይሸጣል፤ ለስጎ ደግሞ ከእሱ የተሻለ የለም። የሻገተውን ብቻ ይለዩ። ዋጋው በወቅቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፦ በበጋው የመስኖ ምርት ሲደርስ ይረክሳል፤ በክረምት ዝናቡና በሽታው ማሳውን ሲመታ ይወደዳል። በርካሽ ወቅት አብስሎ አወፍሮ በብልቃጥ ማስቀመጥን ብልህ ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ጊዜ ለሌለው ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ ከሚገኘው ከመርቲ የሚመጣው በቆርቆሮ የታሸገ የቲማቲም ድልህ አለ፤ የመርቲን ማርማላታ በዳቦ ቀብቶ ያላደገ የእኔ ዘመን ልጅ ጥቂት ነው።

የአዳማ ጉሊት ሁለት ቋንቋ ይናገራል፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ። «ስንት ነው?» እና «ሜቃ?» እኩል ይሰማሉ፤ ብዙ ሻጮች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በ«አከም» ሰላም ብሎ የጀመረ ሰው በጥሩ ፊት ይስተናገዳል። ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ሰላምታ፣ ከዚያ «እናቴ» ወይም «እኅቴ»፣ ከዚያ ዋጋ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የገበያችን ጣፋጭ ልማድ ይመጣል፤ «መርቂልኝ!» ሻጯ ሁለት ቃሪያ ወይም አንድ ቲማቲም ከላይ ጣል ታደርጋለች። ምርቃቱ በሚዛን የማይገባ፣ ደንበኝነትን የሚያጸና ነገር ነው።

ጣሊያን አገርም ምርቃት አለ፤ ስሙ ብቻ ይለያል። የሰፈር ገበያው በየአደባባዩ ከማለዳ እስከ ምሳ ሰዓት ይዘረጋል፣ ከዚያ ይነሣል። ፍራፍሬውን ገዢው ራሱ እያነሣ አይመርጥም፤ «ለዛሬ ነው ወይስ ለነገ?» ብሎ ሻጩ ይመርጥለታል። አይብና በጨው የደረቀ ሥጋ የሚጠየቀው በ«ኤቶ» ነው፤ አንድ ኤቶ 100 ግራም ነው። አትክልት የገዛ ደንበኛ ሲሄድ ሻጩ ጥቂት ፓርስሊ፣ የሴለሪ ዘለላ፣ አንድ ካሮት በነጻ ይጨምርለታል። ይህን «ኦዶሪ» ይሉታል፣ መዓዛዎች እንደማለት፤ ስጎ የሚጀመረው በእነሱ ስለሆነ። ምርቃት ማለት ነው እንግዲህ። ሮም ላይ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የኤስኩዊሊኖ ገበያ የእስያና የአፍሪካ ቅመም የሚገኝበት ነው፤ የእኛ ሰዎችም ስደት ላይ ሆነው የአገራቸውን ወጥ የሚሠሩበትን ነገር ፍለጋ ወደዚያ ይሄዳሉ። እናት አዳማ ላይ የጣሊያን ቃል እየጠራች ትገዛለች፤ ልጇ ሮም ላይ «በርበሬ አለ?» ይላል።

አሁን ፓስታው። እሽጉን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ፤ «ዱረም» ወይም «ሴሞሊና» የሚል ይፈልጉ። ዱረም ጠንካራው ስንዴ ነው፤ ከእሱ የተሠራ ፓስታ ሲቀቀል አይላቁጥም፣ ውኃውንም አያጨቀይም። ከተራ የዳቦ ስንዴ የተሠራው ግን ቶሎ ይለጥፋል። ዱረም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ቢሾፍቱ ዙሪያ ያለው የአድአ ጥቁር አፈር ከጥንት ጀምሮ ያበቅለዋል፤ በዘመናችንም የጣሊያን የልማት ትብብር ከኦሮሚያ ግብርና ጋር ሆኖ የባሌ ገበሬዎች ለፓስታ ፋብሪካ የሚሆን ዱረም እንዲያመርቱ ደግፏል። ደረቅ ፓስታ በተለምዶ ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፤ እንቁላልም ቅቤም የለበትም። ከእኛ ማዕድ ጋር ያስማማው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴም ሲሆን፣ ፓስታ በቲማቲም ያለ ሐሳብ የሚበላ የጾም ምግብ ሆነ።

አቀቃቀሉ ላይ ግን እሽጉን ሙሉ በሙሉ አይመኑት። የተጻፈው ደቂቃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ለሚፈላ ውኃ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃው የሚፈላው ከ94 እስከ 95 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። ሰዓቱን ከማየት አንዱን ዘንግ አውጥቶ መቅመስ ይሻላል። ውኃው ብዙ ይሁን፣ ጨውም አይነሰው።

ለአንድ ግማሽ ኪሎ እሽግ አንድ ኪሎ ቲማቲም፣ ሦስት መካከለኛ ሽንኩርትና አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። ሽንኩርቱ በዘይት፣ በቀስታ፣ እስኪለሰልስ ድረስ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው፣ እንቸኩላለን። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቀጥሎ የተከተፈው ቲማቲም። በርበሬ ከወደዱ ከቲማቲሙ በፊት አንድ ማንኪያ ይግባ። እሳቱ ዝቅ ብሎ ዘይቱ ከላይ መታየት ሲጀምር ደርሷል። ሊወጣ ሲል የደረቀ በሶብላ በጣት ቆንጠር አድርገው ይበትኑበት፤ ጣሊያኖች ስጎ ላይ የሚያኖሩት ቅጠል የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው። በፍስክ ደግሞ ከልኳንዳ የተፈጨ ሥጋ ይጨመራል።

ቤት ማብሰል ካልተመቸ ገበያው ዳር ምግብ ቤት ሞልቷል። «ፓስታ በእንጀራ» ብለው ይዘዙ፦ እንጀራው ተዘርግቶ መሐሉ ላይ ፓስታው፣ በላዩ ስጎው፣ ዳር ላይ ቃሪያ። ጣሊያናዊ ሲያይ ይገረም ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የፓስታ አበላል አላውቅም፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት የቲማቲሙን ጣፋጭነት ያስተካክለዋል። ከመንገድ ዳር ፓስቲ፣ ቦምቦሊኖ ወይም ሳምቡሳ ሲገዙ ዓይንዎ እያየ ከድስቱ የወጣውን ይውሰዱ። ዘይቱ ጠቁሮ የሚያጨስ ከሆነ ይለፉት። እርጥብ ሲያዙ ውስጡ የሚገባው ጥሬ ቲማቲም በንጹሕ ውኃ መታጠቡን ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ታይፎይድና አሜባ በንጹሕ ውኃ ባልታጠበ ጥሬ አትክልትም ይመጣሉና። የወንጂ አገር ነውና ሸንኮራ አገዳም አይጠፋም፤ ልጆች እየላጡ ሲመጡ ጉሊቱ ሁሉ በአገዳ ልጣጭ ይሞላል።

ፓስታው ሲያልቅ ሳህኑ ላይ ስጎ ይቀራል። ጣሊያኖች ዳቦ ቆርሰው ሳህኑን ይጠርጉና ይበሉታል፤ ይህን «ስካርፔታ» ይሉታል፣ ትንሿ ጫማ። አዳማ ላይ ዳቦ አያስፈልግም። ስጎው ሲፈስ የዋለው እንጀራው ላይ ነው፤ መሐሉ ርሶ ቀልቷል፤ ማዕዱን የከበቡት ሁሉ እጃቸውን የሚሰድዱት ወደዚያው ነው።