ባጠበቁት ቁጥር የሚብስ የዘይት ፍሳሽ

ቮልስ ያላችሁ ወዳጆች ደጋግማችሁ ከምትጽፉልኝ ጥያቄ አንዱ ይሄ ነው፦ «ኮፓው ዘይት ያንጠባጥባል። ጓርኒሲዮን ቀየርን፣ ሲሊኮን ቀባን፣ ደህና አድርገን አጠበቅነው፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ነው።» ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍበት። ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

በመጀመሪያ፣ ቮልስ እንደ ሌላው መኪና ኮፓ የለውም። ኮሮላ ወይም ላዳ ሞተሩ ሥር በብዙ ብሎን የታሰረ የቆርቆሮ ኮፓ አለው፤ ፈትተህ ታወርደዋለህ። የቮልስ ሞተር ግን አካሉ ከማግኒዥየም ቅይጥ በሁለት ግማሽ የተሠራ ነው፤ ዘይቱም የሚጠራቀመው እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው። ከሥር የምናያት የሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ ክዳን ናት፤ በስድስት ትንንሽ ዳዶ ታስራ። ከክዳኗ በላይ የሽቦ ወንፊት አለ። ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የወረቀት ፊልትሮ ስላልነበረው ዘይቱን የሚያጣራው ያ ወንፊት ብቻ ነው። ሞተሩ የሚይዘውም 2.5 ሊትር ዘይት ነው። ባለ 4 ሊትር ጀሪካን ገዝቶ «ይብዛለት» ብሎ ሙሉውን የሚገለብጥ ሰው አጋጥሞኛል፤ እንዲህ የተሞላ ሞተር ባያፈስ ነው የሚገርመው።

ክዳኗን ከመንካታችሁ በፊት ዘይቱ በእርግጥ ከሷ መምጣቱን አረጋግጡ። ዘይት ከላይ ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ከሥር የሚያልፈው ንፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ክዳኗ የሌላውን ሁሉ ጥፋት ትሸከማለች። ሞተሩ ሲበርድ ከሥር በላምባ እጠቡት፣ በደንብ አድርቁት፣ የሕፃን ፓውደር ንፉበት። ከዚያ አሙቁት፤ ጥቂት ነድታችሁ ተመልሳችሁ እዩ። ዘይቱ ፓውደሩ ላይ መንገዱን ራሱ ይስላል። (በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ይሄን መድገም አይሰለቸኝም።)

መስመሩ ከጎን ከመጣ ጥርጣሬዬ ወደ ፑሽሮድ ቱቦዎቹ ነው። በየጎኑ አራት አራት ሆነው ስምንት ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ያሉት ጎማዎች በሙቀት ይደርቃሉ። ከነሱ የሚወርደው ዘይት የጋለው የጭስ መውጫ ላይ ስለሚያርፍ ማሞቂያውን ስትከፍቱ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ጋቢና ይገባል። በግራ በኩል ከላይ የሚወርድ ከሆነ የዘይት ማቀዝቀዣው ሥር ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ወይም የዘይት ግፊት ስዊቹን ተመልከቱ። ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ቦታ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። የካምቢዮ ዘይት ወፈር ይላል፣ ድኝ ድኝም ይሸታል። እንደዚያ ካልሸተተ ችግሩ ከቮላኖው ጀርባ ያለው ኦይል ሲል ነው፤ ለዚያ ሞተር መውረድ አለበት።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ጥፋተኛዋ ክዳኗ ራሷ ከሆነች፣ የላላ ዳዶ ፍለጋ ቁልፍ አታንሡ። በእኔ ልምድ እልኸኛውን ፍሳሽ የሚፈጥረው ማጥበቅ ነው። ክዳኗ ስስ ቆርቆሮ ናት። ዳዶው ሲጠብቅ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ጠርዝ ወደ ላይ ይጎብጣል፤ በሁለት ዳዶ መካከል ያለው ደግሞ ከጓርኒሲዮኑ ይርቃል። ዘይቱ በዚያ ክፍተት ይወጣል። ባለቤቱ ደግሞ «ላልቷል» ብሎ ይጨምርበታል።

ክዳኗን አውርዳችሁ መስታወት ላይ አስቀምጧት። ከተወዛወዘች ወይም ብርሃን ከሥሯ ካለፈ ጎብጣለች ማለት ነው። ጠፍጣፋ ብረት ላይ አድርጋችሁ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ አቅኗት። አሮጌውን ወረቀት ከሞተሩ ስትፍቁ ካቻቢቴ አትጠቀሙ፤ ማግኒዥየም ለስላሳ ነው፣ አንዲት ጭረት የዘይት ቦይ ትሆናለች። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ጫፍ ይበቃል።

ሲመለስ ከወንፊቱ ጠርዝ በላይ አንድ፣ ከበታቹ አንድ፣ ሁለት ቀጭን የወረቀት ጓርኒሲዮን ይገባል። ብዙ ሰው አንዱን ይረሳል። ከዳዶዎቹ ሥር ደግሞ የመዳብ ሮንዴላ አለ፤ ዘይት በብሎኑ ጥርስ ተከትሎ እንዳይወርድ የሚዘጋው እሱ ስለሆነ በአዲስ ይቀየር። ማጥበቂያው 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ 10 ቁጥር ቁልፉን ጫፉን ሳይሆን አንገቱን ያዙ፣ በጣት ኃይል፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከማዶ እያፈራረቃችሁ።

ሲሊኮንስ? እኔ እዚህ ቦታ አልቀባም። ሲጠብቅ ግማሹ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ያንን እናያለን፤ ግማሹ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያንን አናይም። ውስጥ የገባው ተቆርጦ ወንፊቱ ላይ ሲለጠፍ የዘይት ፓምፑ የሚስበው ያጣል። ጠብታ ለማዳን ሞተር መግደል ነው።

አንዳንዴ ዳዶውን ስታዞሩት አይነክስም፣ ዝም ብሎ ይዞራል። ያኔ ብሎኑ የተተከለበት የሞተሩ ጥርስ ተበልቷል። ጎበዝ ቶርኖ ቤት ሄሊኮይል ያስገባላችኋል፣ ወይም በሞተሩ በኩል 8 ሚሊ፣ በዳዶው በኩል 6 ሚሊ የሆነ ብሎን ይሠራላችኋል። ሙጫ ሞልቶ የሚያስር ሰው ግን መኪናችሁን አይንካ።

ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ከእዚህም ከእዚያም የሚያልበው ከሆነ፣ በተለይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ከወጣችሁ በኋላ የሚብስ ከሆነ፣ ግፊቱን ተመልከቱ። ሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ዘይት ከሚሞላበት አንገት በጎማ ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው መውጣት አለበት። ቱቦው ከተደፈነ ጋዙ መውጫ ፈልጎ ዘይቱን በየጓርኒሲዮኑ ይገፋል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ጭሱ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ የፒስተን ሪንግ ደክሟል፤ ያንን ጓርኒሲዮን አይፈታውም።

«ቮልስ ካላፈሰሰ ዘይት የለውም ማለት ነው» የሚለውን ቀልድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋራዥ ውስጥ ሥራ ለማሳጠር ሲነገር ግን አልወደውም። ከአንድ አዳር በኋላ ካርቶን ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር አያስጨንቅም፤ ካርቶኑ ከራሰ ግን ምክንያት አለው።

የሞተራችሁን ፎቶ የምትልኩ፣ እባካችሁ ታጥቦ ፓውደር ከተነፋበት በኋላ ያነሣችሁትን ላኩልኝ። በጭቃና በዘይት የተለሰነ ሞተር ፎቶ ላይ እኔም ምንም አይታየኝም።