አሮጌ ፒክአፕን ከፍ ስለ ማድረግ፤ ጎማው፤ ጥርሱና ባሌስትራው በምን ተራ ይመረጣሉ?

ንግድ የሚቆመው ዕቃ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር ነው። በአገራችን አስፋልቱ ካለቀበት አንሥቶ እስከ ገበሬው ደጃፍ ድረስ ያለውን መንገድ በብዙ ሥፍራ የሚሸፍነው ፒክአፕ ነው። ቡናውንና ሰሊጡን ከገጠር የሚያወጣ፤ ጨውን፤ ስኳሩንና ጨርቁን ወደ ገጠር የሚያገባ፤ ዕድሜው ከሃያ ዓመት ያለፈ ቶዮታ ሂሉክስ ወይም ላንድ ክሩዘር ዛሬም በየገበያው ይታያል። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ባለመኪናው ያለውን አድሶ ለማሠራት የሚያስብበት ምክንያት ጨምሯል።

ከዕድሳቱ መካከል ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት አንዱ ሥራ መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። ልማዱ እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ባሌስትራው ይነሣል፤ ቀጥሎ የተገኘው ትልቅ ጎማ ይገባል፤ በመጨረሻም መኪናው ዳገት ላይ ሲለግም ሞተሩ ይወቀሳል። ነገር ግን ትክክለኛው ተራ ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያ ጭነቱና መንገዱ ይመዘናል፤ ከዚያ ጎማው፤ ቀጥሎ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ይመረጣል፤ ከፍታው የሚወሰነው በመጨረሻ ነው።

ስለ ጎማ

ባሌስትራን ማንሣት ከመሬት የሚያርቀው ሻንሲውንና ካሳውን ነው። ድንጋይ የሚመታው የኋላው ዲፈረንሻል ሆድ ግን ከጎማው ጋራ በአንድ አክሰል ላይ ስላለ በነበረበት ይቀራል። እርሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማው ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ምን ያህል ከመሬት መራቅ አለበት ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ የሚሰጠው ጎማው ነው።

የጎማ ልክ በጎኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 205/80 አር 16 የሚለው ጎማ ስፋቱ 205 ሚሊሜትር፤ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 80 በመቶ፤ ቸርኬው 16 ኢንች ነው። ይህ ሲሰላ የጎማው ቁመት 734 ሚሊሜትር ይሆናል። 235/85 አር 16 ግን 806 ሚሊሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ 72 ሚሊሜትር ቢሆንም ዲፈረንሻሉ ከፍ የሚለው በግማሹ፤ ማለት በ36 ሚሊሜትር ነው።

ከልኩ ሌላ ነጋዴ ሊመለከታቸው የሚገቡ ሁለት ቍጥሮች አሉ። አንደኛው የጭነት ቍጥር ነው፤ 112 የሚል ጎማ 1,120 ኪሎ፤ 121 የሚል ደግሞ 1,450 ኪሎ ይሸከማል። ሁለተኛው አራት አኃዝ ያለው የተሠራበት ጊዜ ነው፤ 2324 ማለት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ለረጅም ዓመታት የቈየ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ያረጀ ነውና አዲስ ነው ተብሎ አይገዛም። ለጭቃ የተሠራው ባለ ትልቅ ጥርስ ጎማም በጭቃ ቢመሰገን፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ የመያዝ ኃይሉ ያንሳል። ጉዞው ከአስፋልትም ከኮረኮንችም ለሆነ ነጋዴ መካከለኛው ዓይነት ይሻላል።

ስለ ጥርስ

ጎማ ሲተልቅ መኪናው በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህም ማርሹ ሁሉ እንደ ከበደ ይቈጠራል። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ፍጥነት መቍጠሪያው 60 ሲል መኪናው በእውነቱ 66 ኪሎሜትር ይሮጣል፤ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገትም ሁለተኛን ይጠይቃል፤ ፍሪሲዮኑም ቶሎ ያልቃል።

በደጋው አገር ይህ ጉዳት ይብሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፤ አየሩ ስለሚሳሳ፤ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በውጭ አገር ካታሎግ የተጻፈው የሞተር ኃይል አዲስ አበባ ላይ በሙሉ አይገኝም። ስለዚህ በቆላ አገር የተሞከረ ትልቅ ጎማ በደጋ ሲገባ ቢያሳፍር አያስደንቅም።

መድኃኒቱ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው። የትልቁ ጥርስ ቍጥር ለትንሹ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት የመኪናውን አቅም ያሳያል። 41 ለ10 ሲካፈል 4.10፤ 41 ለ9 ሲካፈል 4.556 ይሆናል። የፊተኛው ወደ ኋለኛው ቢለወጥ አቅሙ በ11 በመቶ ይጨምራል፤ ትልቁ ጎማ የወሰደውም ይመለሳል። ፍጥነት መቍጠሪያውም 60 ሲል እውነተኛው 59 ያህል ስለሚሆን ወደ ልኩ ይቀርባል። አሮጌ መኪና ብዙ እጅ ያየ ነውና በፋብሪካው ሰሌዳ ብቻ አይታመን፤ ጥርሱን በመካኒክ ማስቈጠር ይገባል። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ከሆነ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት ጥርስ ሊኖራቸው ግድ ነው፤ አንዱ ብቻ ቢለወጥ አራቱ ጎማዎች አብረው ሲጎትቱ እርስ በርሳቸው ይታገሉና አንድ ነገር ይሰበራል።

ስለ ባሌስትራና ከፍታ

ከፍታ የሚጨመረው ጎማው እንዳይነካካና ባሌስትራው የዘወትር ጭነቱን እንዲሸከም በሚያስፈልገው ልክ ነው። ለሥራ መኪና አራት ወይም አምስት ሳንቲሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ትራንስሚሲዮኑ ይጣመማል፤ ክሮቼራው ይበላል፤ የፍሬን ቱቦው ይወጠራል፤ ሾክ አብዞርበሩም ያጥራል። ባሌስትራ የሚመረጠውም በቁመቱ ሳይሆን በሚሸከመው ኪሎ ነው። ባዶውን ለሚሄድ መኪና የከባድ ጭነት ባሌስትራ ማስገባት ዕቃን ማሰባበር፤ ሾፌሩንም ማድከም ነው። ደግሞም ጠንካራ ባሌስትራ የሻንሲውን፤ የአክሰሉንና የፍሬኑን አቅም አይጨምርም፤ ፋብሪካው የወሰነው የጭነት ልክ እንዳለ ይቈያል።

ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ከፍ ያለ መኪና፤ በላዩም ጆንያ የተቈለለበት፤ በጠመዝማዛ መንገድ ለመገልበጥ ይቀርባል። ትልቅ ጎማም የፍሬኑን ሥራ ያከብዳል፤ ጥርሱ ካልተለወጠ ደግሞ ሞተሩ በማርሽ የሚይዘውን ይቀንሳል። ዳገት ላይ የለገመ መኪና ጊዜ ያባክናል፤ ቁልቁለት ላይ ያልቆመ ግን ባለቤቱን ይዞ ይሄዳል።

ስለ ሻጩና ስለ አስመጪው

ስለዚህ የጎማና የመለዋወጫ ነጋዴ ደንበኛው ሲመጣ፤ ስንት ኪሎ ትጭናለህ? በየትኛው መንገድ ትሄዳለህ? የዲፈረንሻልህ ጥርስ ስንት ነው? ብሎ ቢጠይቀው ለሁለቱም ይበጃል። አስመጪውም ከፍ ማድረጊያውን ለብቻው ከሚያዝ፤ ልካቸው የተስማማ ሾክ አብዞርበርና የፍሬን ቱቦ ጨምሮ ቢያዝ፤ ዕቃው ጉድለት አለው ተብሎ አይመለስበትም። ባለመኪናውም ሥራውን ከማስጀመሩ በፊት ለውጡ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራና በኢንሹራንሱ ዘንድ ተቀባይነት እንዳለው ይጠይቅ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ጎማውን፤ ጥርሱንና ባሌስትራውን በተራቸው ያሰላ ነጋዴ አንድ ጊዜ ያወጣል፤ ያላሰላው ግን በየጋራዡ ሲያወጣ ይኖራል።