የማሳው ታሪክ በአዛውንቶች አንደበት
የወሎ ገበሬ ቤተሰቦችን ትዝታ ስለ መመዝገብ

በወሎ ቆላና ወይና ደጋ አንድ የማሽላ ማሳ ስንመለከት ብዙ ሥራ እናያለን። ድንጋዩ ተለቅሞ ካብ ሆኗል፤ የጎርፍ መውረጃ ተበጅቷል፤ ለጥላ የተተወ ግራር ቆሟል፤ እያንዳንዱ ጥግም የራሱ ስም አለው። ይህ ሁሉ የተገኘው ገበሬው ለብዙ ዘመን መሬቱን እያየና እየፈተነ በደረሰበት ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ ግን በአብዛኛው በጽሑፍ አልሰፈረም፤ ያለው በአዛውንት ገበሬዎችና በባለቤቶቻቸው ትዝታ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞች፣ መምህራንና የተማሩ የገበሬ ልጆች ይህን ትዝታ እንዴት መመዝገብ እንደሚችሉ ያስረዳል።

ለምን አሁን?

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ገበሬ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት የትኛው ተዳፋት ለግጦሽ ይተው፣ የትኛውም ይታረስ እንደ ነበር በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረሀብ ለዘር የተቀመጠ እህል ሳይቀር ተበልቷል። ብዙ ቤተሰቦችም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቡር፣ ከፋና መተከል ሄደዋል። ስለዚህ ስለ አንድ የወሎ ቀበሌ መሬት የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በሩቅ አገር ሊገኙ ይችላሉ። ዘመዶቻቸውን ጠይቆ እነርሱንም ማነጋገር ይገባል።

ስም ራሱ መረጃ ነው

በወሎ «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ዓይነት አለ። ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር ጥቂት ጥቂት እየቀላቀለ ይዘራዋል፤ እሸቱም ተጠብሶ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 9,000 የሚጠጉ የማሽላ ዘሮችን መርምረው፣ ላይሲን በተባለው ለሰውነት እጅግ አስፈላጊ በሆነ የፕሮቲን ክፍል የበለጸጉ ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሁለቱም የተገኙት ከኢትዮጵያ ነበር። የወሎ ገበሬ የእንዲህ ያለውን ማሽላ ልዩነት በጣዕሙ ለይቶ፣ ስም አውጥቶ ይዞት ኖሯል።

ከዚህ የምንማረው ዘርና ታሪኩ ተለያይተው መቀመጥ እንደሌለባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ዘሩን በቅዝቃዜ ሊያቆይ ይችላል። ነገር ግን ዘሩ በየትኛው አፈር እንደሚስማማ፣ መቼ እንደሚዘራና ለየትኛው ምግብ እንደሚመረጥ ካልተጻፈ፣ ወደ ገበሬው ማሳ ሲመለስ ግማሹ ዕውቀት ጎድሎት ይመለሳል።

ምን ይጠየቅ?

ስለ አፈር፦ ዋልካው፣ ጭንጫውና ደለሉ የት የት ይገኛል? በፊት ምን ይበቅልበት ነበር?

ስለ ውሃ፦ ምንጩ የደረቀው መቼ ነው? ጎርፍ በየት ይወርድ ነበር? ከየት ተጠልፎ ወደ ማሳ ይገባ ነበር? የትኛው ካብ ጸና፣ የትኛውስ ፈረሰ? አዲስ እርከን ከመሠራቱ በፊት ይህን ማወቅ ድካምን ያተርፋል።

ስለ ዘር፦ በሚያዝያ ይዘራ የነበረው ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ የትኛው ነው? የበልጉ ዝናብ ሲቀር በምን ይተካ ነበር? ጥንቅሹስ የትኛው ነበር?

ስለ አረም፦ አቀንጭራ በማሳው መታየት የጀመረው መቼ ነው? አቀንጭራ የሚበረታው ለምነቱ በተሟጠጠ መሬት ላይ ስለሆነ፣ መልሱ አፈሩ የደከመበትን ዘመን ያመለክታል።

እንዴት ይመዝገብ?

1. ጥያቄው በማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ቢሆን ይመረጣል። ካቡን ወይም የዛፉን ጉቶ ሲያዩ አባት ቤት ውስጥ ያላሰቡት ነገር ትዝ ይላቸዋል።

2. እናቶችን ለብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዘር ዘለላ መርጦ ከምድጃ በላይ በጢስ ማቆየት፣ እንጀራ የሚሆነውን ለጠላ ከሚሆነው መለየት የእነርሱ ዕውቀት ነው። ባል ባለበት ብዙ ጊዜ አይናገሩትም።

3. ዓመተ ምሕረቱ ካልታወሰ በታወቀ ነገር ይለካ፦ ከአዋጁ በፊት ወይስ በኋላ? ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ወይስ በኋላ?

4. ቃሉ ተናጋሪው እንዳለው ይጻፍ። የአፈር፣ የዘርና የቦታ ስም በመጽሐፍ አማርኛ አይለወጥ። ስልክ ያለው ድምፁን አስፈቅዶ ይቅረጽ።

5. የተጻፈው ለተናጋሪው ይነበብ፤ ያረሙት ይታረም።

ጥንቃቄ

መሬት ብዙ ክርክር ያለበት ጉዳይ ነው። ማሳው ቀድሞ የማን እንደ ነበር መጠየቅ ቤተሰቡን ያስፈራል፤ ጎረቤትንም ያጣላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ምን ይዘራበት፣ እንዴትስ ይያዝ እንደ ነበር ነው። ስለ ድንበርና ስለ ባለይዞታ ሳይጠየቅ የተነገረ ቢኖር ከመዝገቡ ይውጣ። የረሀቡን ዘመን ማንሳት የማይፈልግ ሰውም አይገደድ።

ከመዝገቡ በኋላ

አንዱ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጥ፤ ሁለተኛው በአካባቢው ትምህርት ቤት ይቀመጥ፤ ሦስተኛው ተናጋሪዎቹ ከፈቀዱ በአቅራቢያው ላለ የምርምር ማዕከል ይድረስ። የተጠቀሰው ዘር በአንድ ቤት ጎተራ ውስጥ ጥቂት እንኳ ከተገኘ፣ በቤተሰቡ ፈቃድ ናሙናው ከታሪኩ ጋር አብሮ ይላክ።

ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ማሽላው ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ነው። ገበሬው ፋታ ያገኛል፤ ማሳው ባዶ ስለሚሆንም ካቡና የውሃው መንገድ በግልጽ ይታያል። በየቀበሌው ከሁሉ በዕድሜ ከሚበልጡት ሁለት አባቶችና ሁለት እናቶች ቢጀመር መልካም ነው፤ ወደሚቀጥለው ዓመት ግን አይተላለፍ።