ባለ ቁልፉ ትንሽ ስልክና ፊደላችን

በባሕር ዳር ከተማ በዘንባባው ጥላ ሥር ወይም በጣና ዳር የሚቀመጥ ወጣት በእጁ ስልክ መያዙ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ስልኩም ብዙውን ጊዜ ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነው፣ የሚጫኑት የፊደል ቁልፍ የሌለው ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ይህን መስታወት ብቻ የሆነውን ስልክ ያልወደዱ፣ ከመዳፍ የማያልፍና ከስክሪኑ በታች እውነተኛ የፊደል ቁልፎች የተደረደሩበት ስልክ የሚሹ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ለእነርሱም የሚሠሩ ኩባንያዎች አልጠፉም። በዛሬው ገጻችን ስለዚህ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ለአንባብያን ጥቂት ለመናገር አስበናል። አሳባችን ዕቃውን ለማሞገስ አይደለም፤ ለተማሪና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፣ ይልቁንም በየቀኑ በአማርኛ መጻፍ ለሚገባው ሰው፣ ምን ያህል እንደሚረዳው ለመመርመር ነው።

የዚህ ዓይነቱ ስልክ አባት ብላክቤሪ የተባለው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንሰጣለን።) በካናዳ አገር በዋተርሉ ከተማ ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለው ኩባንያ በ1999 በዚህ ስም የመጀመሪያውን መሣሪያ ለገበያ ሲያቀርብ መሣሪያው ገና ስልክ እንኳ አልነበረም፤ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ መቀበያና መላኪያ ነበረ። ስሙም የወጣለት ትንንሾቹ ቁልፎች የእንጆሪን ዘር ስለ መሰሉ ነው። ጸሐፊው ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ በሁለቱ አውራ ጣቶቹ ብቻ ይጽፍበታል። ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ደብዳቤን ከጠረጴዛ ወደ ኪስ ያወረደው ይህ አሠራር ስለ ሆነ በየአገሩ ያሉ ሹማምንትና ነጋዴዎች ከእጃቸው አልለየው ብለው ነበር።

በ2007 በጥር ወር ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ለዓለም ባሳየ ጊዜ የነቀፈው ይህንኑ ቁልፍ ነበር። ክርክሩም፣ ቁልፉ በፕላስቲክ ላይ ተተክሎ የቀረ ስለ ሆነ ቢፈለግም ባይፈለግም ከቦታው አይነሣም፤ ለአንዱ ሥራ ቢስማማ ለሌላው አይስማማም የሚል ነበር። አብዛኛው ዓለም ተከተለው። ይህ ክርክር ከማንም ይልቅ ለእኛ የሚስማማ ይመስል ነበር። የተተከለው ቁልፍ የላቲን ፊደል ተቀርጾበታል፤ መስታወቱ ግን የፈለጉትን ፊደል ይሥልልናልና፣ የአማርኛ ጽሑፍ በመስታወቱ ዘመን ያብባል ብሎ መገመት ይቻል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በመስታወቱ ላይ ግእዝ ፊደል ተዘርግቶለት ሳለ በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈው ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በቁልፉ ላይ መጫን አይገባም።

አሁን ወደ ዕቃው ባሕርይ እንምጣ። በ2018 የወጣው ብላክቤሪ ኪይ ቱ የተባለው ስልክ 4.5 ኢንች ስክሪንና 35 ቁልፎች ነበሩት። በክፍተት መስጫው ቁልፍ ላይ የጣት አሻራ ማወቂያ ገብቶለታል፤ የቁልፎቹም ገጽ ጣትን ስለሚያውቅ፣ ሳይጫኑ ጣትን በላያቸው ላይ ሲያንሸራትቱ የሚነበበው ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። እያንዳንዱንም ቁልፍ ለአንድ ሥራ መመደብ ይቻላል፤ አንዱን ሲጫኑ የቀን መቁጠሪያው፣ ሌላውን ሲጫኑ የመልእክቱ ሣጥን ይከፈታል። በሻንጋይ ከተማ ያለው ዩኒኸርትዝ የተባለ ኩባንያ ደግሞ በ2021 ታይታን ፖኬት የሚባለውን አወጣ። ይህኛው ከዚያም ያነሰ ሆኖ ስክሪኑ 3.1 ኢንች ብቻ የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል፤ ባትሪውም 4,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። ትልቅ ባትሪ ትንሽ ስክሪንን ሲመግብ ብዙ እንደሚቈይ ግልጽ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውም አልተነሣም፤ ብዙዎቹ ውድ ስልኮች የተዉትን ይህን ቀዳዳ ማግኘት ለአንዳንድ ሰው ብቻውን የመግዣ ምክንያት ይሆናል።

እንዲህ ያለው ስልክ በጣና ዳር ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው ጥቅም አለ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ከውሃው የሚመለሰው ብርሃን ሲጨመርበት መስታወቱ የገዛ ፊትን እንጂ ጽሑፍን አያሳይም። ቁልፍ ግን በዓይን ባይታይ በጣት ይዳሰሳል፤ ልምድ ያለው ሰው ስክሪኑን ሳያይ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፍበታል። ሁለተኛው የውሃ ነገር ነው። መስታወቱ ጣትን የሚያውቀው ጣት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ ነው፤ ውሃም ያንኑ ስለሚያደርግ ጠብታ ሲወድቅበት ጣት የነካው ይመስለውና ያልታዘዘውን ይሠራል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ደሴት በጀልባ የሚሻገር የጤና ወይም የግብርና ሠራተኛ፣ ጀልባው ሲናጥና ማዕበሉ ሲረጨው ማስታወሻ መያዝ ቢፈልግ፣ የሚጫኑት ቁልፍ ከሚነካ መስታወት ይሻለዋል። በደንገል ታንኳ ላይ ግን፣ በየትኛውም ስልክ ቢሆን፣ ባይጽፍ እንመርጣለን።

ጕድለቱም ትንሽ አይደለም። ቁልፉ የያዘው ቦታ ከስክሪኑ የተቀነሰ ነው። መጽሐፉንና የትምህርት ጽሑፉን ሁሉ በስልክ ለሚያነብ ተማሪ 3.1 ኢንች መስኮት የዓይን ጭንቅ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ለረጅምና ለቀጭን ስክሪን የተሠሩ ስለ ሆነ በአራት ማዕዘኑ ላይ አንዳንዱ ቁልፋቸው ከታች ይቈረጣል። ዓይነቱም ብርቅ ስለ ሆነ፣ የተነቀለ ቁልፍ ወይም የተሰበረ ስክሪን መለዋወጫ በቅርብ ማግኘት እንደ ተራው ስልክ አይቀልም። ባጭሩ ይህ ስልክ የሚጽፍ ሰው እንጂ የሚያይና የሚያነብ ሰው ስልክ አይደለም።

ዋናው ጥያቄ እንግዲህ፣ የሚጽፈው ሰው የሚጽፈው አማርኛ ከሆነስ? የሚለው ነው።

ፊደላችን ከቁልፍ ጋራ ሲጋጭ ይህ የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። ክሪስቶፈር ሾልስ የተባለው አሜሪካዊ በ1860ዎቹ በሚልዎኪ ከተማ የጽሕፈት መኪናውን ሲሠራ 26 ፊደል ላለው ሕዝብ ነበር የሠራው። በእኛ ግን 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ቋ፣ እነ ጓ፣ እነ ሏ፣ አኃዙና ነጥቡም ገና አልተቈጠሩም። አርባ ጥቂት ቁልፍ ባለው መኪና ላይ እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። ከጠላት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ኢንጂኔር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በተነሡ ጊዜ የገጠማቸው ችግር ይህ ነበር። መፍትሔውም የፊደሉን መሠረት በአንድ ቁልፍ፣ ቅጥሉን በሌላ ቁልፍ መምታት ሆነ። ብልሃቱ ታላቅ ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ በመኪና እንዲወጣ አድርጓልና። ነገር ግን ቅጥሉ አንድ ጊዜ ከፊደሉ ራቅ ብሎ፣ አንድ ጊዜ በላዩ ወጥቶ ይታይ ነበር። እነ ክብራን ገብርኤልን፣ እነ ዳጋ እስጢፋኖስን በመሰሉ በዚሁ ሐይቅ ላይ ባሉ ገዳማት የተጠበቀውን የብራና ጽሑፍ ላየ ሰው፣ ያ ፊደል እግሩ የወለቀ መስሎ ይታየዋል።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል፤ ብዙ ሰውም ልብ ያላለው ይህን ይመስለናል። ቅጥሉን ከመሠረቱ ጋራ የሚያገናኘው እንደ ድሮው ብረት ሳይሆን በስልኩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ ጸሐፊው የቢንና የኤን ቁልፍ ተከታትሎ ሲጫን ስልኩ ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ሙሉ «ባ» ያወጣል፤ ፊደሉም አይጐድልበትም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት የቆመው በዚህ አሳብ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትም ብዙዎቹ ድምፅን ተከትሎ የመጻፍ ዘዴዎች ይመስሉታል።

እስኪ በጣታችን እንቍጠር። «እንደምን አደሩ» የሚለውን በዚህ ሥርዓት ለመጻፍ፣ ክፍተቱንና ለ«እ» የሚጨመረውን የትልቅ ፊደል ቁልፍ ጨምሮ፣ 13 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ወጣቱ ይህንኑ ሰላምታ በላቲን ፊደል እንደ ልማዱ ሲጽፈው የሚጫነው ስንት ጊዜ ነው? ያው 13 ጊዜ ነው። «ባሕር ዳር» በአንዱም በሌላውም 9 ጊዜ ነው። ስለዚህ «በግእዝ ፊደል መጻፍ ጊዜ ይፈጃል» የሚለው ምክንያት፣ ቢያንስ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ፣ ሲቈጠር አይገኝም።

ሌላ ምክንያት የሚሰጡ አሉ፤ እርሱም የገንዘብ ነው። በስልክ የሚላከው አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ እስከ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ይህ እውነት ነው፤ እኛም አንክድም። ነገር ግን የእኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት የሚሸከም መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ያ 13 የላቲን ምልክት የፈጀው ሰላምታ በግእዝ 9 ምልክት ብቻ ነው፤ በዚህ ልክ ቢሰላ 70ው የእኛ ምልክት 100 ያህል የላቲን ምልክት ይመዝናል። ጕዳቱ አለ፤ የሚወራውን ያህል ግን አይደለም።

በላቲን ፊደል የመጻፍ ጕዳት ግን በሥራ ላይ ይታያል። አንድ ወጣት ጸሐፊ ለአለቃው «ሹፌሩ መጣ» ብሎ ሊያስታውቅ ቢፈልግ፣ «መጣ»ን በላቲን ሲጽፈው ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ ይሆናል። «መታ»ም ሲጻፍ ያው ኤም፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ ነው። እንግዲህ ሹፌሩ መጣ ወይስ ሰው መታ? ቀን ከከ ሳይለዩ በአንድ ኬ የሚጽፉም «ቀበሩ»ና «ከበሩ» አንድ ይሆኑባቸዋል፤ አንዱ የለቅሶ፣ ሌላው የደስታ ወሬ ነው። ወዳጅ ለወዳጅ ሲጻጻፍ ከነገሩ አያያዝ ይረዳዋል እንበል። የመሥሪያ ቤት መልእክት ግን ጸሐፊውን በማያውቅ ሰው እጅ ገብቶ ከወራት በኋላ ሊነበብ ይችላል። በሴራ ሥርዓት በ«መጣ»ና በ«መታ» መካከል ያለው ልዩነት አንድ ጊዜ ተጨማሪ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ስልክ ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ቢኖር ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። የመጀመሪያው የአሮጌ ብላክቤሪ ነገር ነው። ኩባንያው በራሱ ሥርዓት ይሠሩ ለነበሩት ጥንታዊ ስልኮቹ የሚሰጠውን አገልግሎት በጥር 4 ቀን 2022 አቋርጧል፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በእነርሱ መደወልም ሆነ መልእክት መላክ የሚያስተማምን አይደለም። በአንድሮይድ የሚሠሩት እንደ ኪይ ቱ ያሉት ግን በዚህ አልተነኩም። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ፣ ሻጩ ቁልፉን እያሳየ «ያው ነው» ቢለው፣ የቱ ሥርዓት እንደ ሆነ አስከፍቶ ይመልከት።

ሁለተኛው የፊደሉ ነገር ነው። ለመስታወት የተሠራ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሁሉ በእውነተኛ ቁልፍ ላይ አይታዘዝም። አንዳንዱ በስክሪኑ ላይ አማርኛ እየሣለ፣ ከታች ቁልፉን ሲጫኑት ላቲን ያወጣል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ፕሮግራሙን አስገብቶ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ በቁልፉ ብቻ «መጣ»ንና «መታ»ን፣ «ቀበሩ»ንና «ከበሩ»ን ይጻፍ፤ ከዚያም «ቋንቋ» ብሎ ይጨምርበትና በመጨረሻው አራት ነጥብ ይፈልግ። አራት ነጥቡ በአንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሲመቱት ይወጣል።